አህዮቹ የሚገቡበት በር

ገሠሠ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጎንደር ሽሬ በመኪና ጭነት ሲያመላልስ ያላደረበት አልጋ ቤት የለም። ዳባት አድሯል፣ ደባርቅ አድሯል፣ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ላይ በሙቀቱ ሲገላበጥ አንግቷል። የትኛው ቤት ትኋን እንዳለው፣ የትኛዋ ባለቤት ሻይ ላይ ስኳር እንደምትሰስት ቢጠይቁት እስካሁን ያለ ስሕተት ይዘረዝራል። አንድ ነገር ግን አያውቅም ነበር፤ ወደ እነዚያ ቤቶች ለመግባት ስንት ደረጃ ይወጣ እንደነበር። ይህን አለማወቁን እንኳ ያወቀው እግሮቹ እምቢ ካሉት ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ሊማሊሞ ያልጣለውን ሰው የጣለው የዳባት ሜዳ ነው። ያን ሁሉ ኩርባ በደህና ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ፣ አንድ ቀን ገበያው ዳር፣ የቆመ መኪና ላይ ወጥቶ ሸራ ሲያስር ገመዱ ተበጠሰና በጀርባው ወደቀ። "የቆመ መኪና ጣለኝ" ይላል ሲጠየቅ። ከሕመሙ ይልቅ ይህኛው የሚያበሳጨው ይመስላል። ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲንከራተት ቆይቶ በመጨረሻ አንድ የእርዳታ ድርጅት ተሽከርካሪ ወንበር ሰጠው። እሱም እንደ መኪናው ያዘው። ጎማውን ራሱ ይለጥፋል፣ ኩሽኔታውን ቅባት ያጠጣል፣ ሲመሽ ባለቤቱን እስከዳርን "መኪናዬን ተብርድ አስገቢልኝ" ይላታል።

ይህች መኪና ግን ከዳባት ወጥታ አታውቅም። ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ከዚያ ጥላው ሥር እስከሚቀመጥበት ሱቅ ድረስ፤ በቃ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣበትም። በመጀመሪያው ዓመት የአጎቱ ልጅ ሞቶ ለቀብር ሲሄድ፣ ከሟቹ ቤት ደጃፍ ድንጋይ ሲደርስ አንድ ጎረምሳ ሳይጠይቀው አንሥቶ በጀርባው አዘለው። ጋቢው ወለቀ፣ እግሮቹ ተንጠለጠሉ። ከድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት "ምስኪን" አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ካንጀቷ አዝና ነው። ገሠሠ ግን ያን ቀን በልቡ ማለ። ከእንግዲህ በሰው ጀርባ የትም አልገባም፣ በራሴ የማልገባበት ቤት ይቅርብኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ውጭ አድሮ አያውቅም።

ዓምና ከጥምቀት በኋላ ታደለ መጣበት። ታደለ ዛሬ ወፍጮ ቤት ያለው የተከበረ ሰው ነው፤ ድሮ ግን የገሠሠ ረዳት ነበር፣ ሊማሊሞ ላይ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲወሽቅ ያደገ።

"ጋሼ፣ ልጄ ሙሌ ደባርቅ ላይ አንዲት ልጅ ወዷል" አለ። "ስጦታ ትባላለች፣ የአያ ሃብተ ጊዮርጊስ ልጅ። ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።"

"ቄስ ያርጋል አሉልህ አይዶል?"

"አሉ። እርስዎ ተሌሉበት ግን አይሆንም። ሰውየው ጠንካራ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ የሌላ ሰው ሽማግሌ መልሰዋል። እኔን ሰው ያረገኝ ማን እንደሁ ማየት አለባቸው። እርስዎ ታልሄዱ እኔም ሽማግሌ አልልክም።"

ገሠሠ መንገዱን በልቡ አሰላው። ሽማግሌ የሚሄደው ጎሕ ሲቀድ ነው፣ አባወራው ከቤቱ ሳይወጣ። በዚያ ሰዓት ከዳባት የሚነሣ መኪና የለም፤ ስለዚህ ደባርቅ ማደር የግድ ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች የታደለ እኅት ቤት ያድራሉ፤ ያ ቤት ደግሞ ከአቀበት ላይ፣ ድንጋይ በድንጋይ ተረግጦ የሚወጣበት ነው። ለገሠሠ የቀረው አልጋ ቤት ብቻ ነበር። እዚያም በሰው ጀርባ ከገባ፣ ወሬው ሳይነጋ ሃብተ ጊዮርጊስ ጆሮ ይደርሳል። ታዝሎ አድሮ ሲነጋ የሰው ልጅ ስጡን ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር የሚችል አልመሰለውም። አልሄድም ቢል ደግሞ የሙሌ ጉዳይ በእሱ ምክንያት ቀረ ማለት ነው።

"እስቲ ልጠይቅ" አለ በመጨረሻ።

ጥያቄው የተጀመረው እንዲህ ነው። ከድሮ የሾፌር ጓደኞቹ የደባርቅ አልጋ ቤቶችን ስልክ ሰበሰበና መደወል ጀመረ። "በዊልቸር ነው የምሄድ፤ እገባለሁ?" ሁሉም "ምን ችግር አለ ጋሼ፣ ይገባሉ እንጂ" አሉት። ቀኑን ሙሉ ፊቱ በርቶ ዋለ። ማታ እስከዳር ሰምታ ሰምታ፣ "ሁሉም ይገባሉ ያሉህ በሩ ሰፍቷቸው ሳይሆን እንቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው ነው። ደረጃው ስንት እንደሁ ጠይቃቸው" አለችው። እውነቷን ነው። በዚያ አገር እንግዳን "አይገቡም" የሚል አፍ አልተፈጠረም።

በማግስቱ "ደረጃችሁ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ያኔ ነው ገሠሠን እስከ ዛሬ የሚያስገርመው ነገር የመጣው። ማንም የራሱን ደጃፍ አያውቅም። አንዱ ባለቤት "ሁለት" አለ፤ "ሦስት መሰለኝ… ቆይ ልየው" ብሎ ሄደ፤ የእግሩ ኮቴ በስልኩ ይሰማል፤ ተመለሰና "አምስት ሆኖ አገኘሁት" አለ፣ ሰው እንደ ሸወደው ሁሉ ተገርሞ። አሥራ ስምንት ዓመት ወጥቶ የወረደበት ደረጃ ነው። ከዚያ ሁሉም ወደ አንድ ቃል ይመለሳሉ፦ "ግን አያስቡ፣ ጎልማሶች አሉን፣ ተሸክመን እናስገባዎታለን።" አንዷ ደግሞ ምድር ቤት አልጋ እያላት "ለእርስዎማ ፎቁን ነው የምንሰጥ፤ ምድር ቤቱ ክብርዎን አይመጥንም" ብላ ድርቅ አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። ገሠሠን ግን ጉጉት ያዘው። ሰው ቤቱን የሚያውቀው በእግሩ ነው፣ እግር ደግሞ ቁጥር አይዝም፤ እንዲህ እያለ ያሰላስል ጀመር። ሊጠይቁት የሚመጡትን ሁሉ ስለ ደጃፋቸው ይመረምራል። ቄስ ያርጋልን የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ስንት እንደሆነ ጠየቃቸው። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ካህን ናቸው፤ ሳያመነቱ "ሰባት" አሉ፤ ሰባት የሆነበትን ምሥጢርም ተረጎሙለት። በማግስቱ መጥተው "ዘጠኝ ነው" አሉ ቀስ ብለው፣ ትርጓሜውን ሳይነኩ። እስከዳር "አጥብቆ ጠያቂ የናቱን ሞት ይረዳል" ብላ ብታስፈራራውም አልተወም።

በስምንተኛው ስልክ ዘይቱናን አገኘ። ዘይቱና ደባርቅ ገበያው አጠገብ ከአባቷ በወረሰችው ግቢ ውስጥ ስድስት አልጋ የምታከራይ ነጋዴ ናት።

"እኔ ዘንድ ደረጃ የሚባል የለም ጋሼ" አለችው። "ክፍሎቹ መሬት ላይ ናቸው።"

"በሩስ ወርዱ ስንት ነው?"

ሄዳ ለክታ መጣች። "አንድ ክንድ ተስንዝር። ሁለት ጣትም ይተርፈዋል።"

ገሠሠ ወንበሩን ዳግመኛ ለካ፣ ከጎማ ጎማ፣ በራሱ ክንድ። አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ልክ። ሁለት ጣት ይተርፋል ማለት ነው። ሊማሊሞ ላይ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው አውቶቡስ ይዞ ከዚያ በጠበበ ሲተላለፍ የኖረ ሰው ነው፤ ሁለት ጣት ለእሱ አውራ ጎዳና ነው። "መጣሁ" አላት። እስከዳር ጋቢውን አጠበች። አናጢ ለመጸዳጃ እንዲሆነው መሐሉን ቀዶ የሠራለትን በርጩማም በማዳበሪያ ጠቅልላ አዘጋጀች፤ ስለዚያ ነገር በስልክ የሚጠይቅ የለምና።

የሄዱ ዕለት ታደለ ያመጣው ሚኒባስ ጋቢና ላይ ገሠሠ ማንም ሳይነካው በሩን ጨብጦ በክንዶቹ ወጣ። መሪ የያዙ ክንዶች ናቸው። ወንበሩና በርጩማው ከላይ ታሰሩ። ደባርቅ ሲደርሱ ቄስ ያርጋልና ሦስተኛው ሽማግሌ ወደ አቀበቱ ቤት ሄዱ፣ ታደለም ሊያደርሳቸው ተከተለ። ገሠሠ ብቻውን እየገፋ ወደ ዘይቱና ግቢ ገባ። ብቻዬን ልግባ ያለው እሱ ነው፤ አንዴ እንኳ እንደ ማንኛውም መንገደኛ መግባት አምሮት።

ዘይቱና አጭር፣ ፈጣን፣ ሻርፕዋን እያስተካከለች የምትናገር ሴት ናት። ቁልፍ ይዛ ቀደመችና በሩን ከፈተች። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ አንሶላው ተተኩሷል። ገሠሠ ወንበሩን አስተካክሎ ወደ በሩ ነዳ። ጎማው መቃኑን መታና ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ዳግመኛ ሞከረ። ቆመ። ጎንበስ ብሎ አየ። የጎደለው አንድ ጣት ሁለት ጣት አይደለም፤ ጨርሶ አይታሰብም።

"ክንድ ተስንዝር አላልሽኝም?"

"ነው እንጂ፣ ይኸው" ብላ ክንዷን መቃኑ ላይ አጋደመች፣ ከዚያ ስንዝሯን ዘረጋች። ሁለት ጣት ተረፈ። ገሠሠ ክንዱን አጋደመ። ስንዝሩን ዘርግቶ ሳይጨርስ ግንብ ላይ ደረሰ።

ሁለቱም መቃኑን ተመለከቱ። በዚያ ሁሉ ስልክ የማን ክንድ ብሎ የጠየቀ የለም። አንድ ክንድ ሁሉም ሰው ያለው ነገር ስለሆነ ሁሉም እኩል ያለው መስሏቸው ነበር። ዘይቱና በድንጋጤ ፊቷ ተለወጠ፤ እንግዳ ዋሽታ እንዳስመጣች ቆጠረችው። ወዲያው ዞር ብላ በረንዳው ላይ ሻይ የሚጠጡትን አራት ጎልማሶች ተጣራች።

"ኑ እስቲ፣ ጋሼን እናስገባቸው። ወንበሩ እውጭ ይደር።"

ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ደስ ብሏቸው ነው የተነሡት፤ ጨዋ ልጆች ናቸው። ገሠሠ ጎማዎቹን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ያ ቀን፣ የድንኳኑ ቀን መጣበት። ይህን ሁሉ ጠይቆ፣ ስምንት ሰው አስቆጥሮ፣ መጨረሻው ያው ጀርባ ሊሆን ነው። ታደለን አስጠርቶ ወደ ዳባት ልመለስ ሊል አፉን ከፈተ።

"ተቀመጡ ልጆቼ፣ ሻያችሁ ይቀዘቅዛል" አለ በምትኩ። ከዚያ ሾፌር መኪና ሊያዞር ሲል እንደሚያደርገው ግቢውን ዙሪያውን ቃኘ። ከጥጉ የቆርቆሮው ሰማያዊ ቀለም የለቀቀ ትልቅ ባለ ሁለት ተከፋች በር አየ። ዓይኑ እዚያ ቀረ።

"ይህ ግቢ የሐጂ አሊ አይዶለም?"

"አባቴ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው" አለች ዘይቱና። "ያውቋቸዋል?"

"ገብስ ጭኘላቸዋለሁ። እኔ መኪናዬን አስፋልቱ ላይ አቁሜ ስጠብቅ፣ አህዮች ተጃናሞራ ሰልፍ ይዘው ይመጡ ነበር። እውጭ አይራገፉም፤ እንደ ተጫኑ ገብተው ሚዛኑ ዘንድ ነበር የሚራገፉ። ያ አህዮቹ የሚገቡበት በር አይዶለም?"

ዘይቱና ሻርፕዋን አስተካከለች። አስቀድማ ያሰበችው፣ አስባም የተወችው ነገር እንደሆነ ፊቷ ይናገራል። ሐጂ አሊ ነጋዴ ነበሩ፤ ሁለት ጆንያ ግራና ቀኝ የተጫነች አህያ ስንት ወርድ እንደምትፈልግ ያውቃሉ። የተጫነች አህያ ደረጃ አትወድም፤ ስለዚህ ደፍ የሌለው በር ሠርተው፣ ከመንገዱ እስከ ውስጥ ድረስ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነጥፈው ሞቱ። ለሰው የሠሩት በር ጠባብ ነው፣ ለአህያ የሠሩት ሰፊ።

"እሱማ መጋዘን ነው" አለች ዘይቱና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ባቄላና ገብስ ነው ያለበት። ሽማግሌ ተጆንያ ጋር አሳደረች ልባል ነው?"

"በራሱ ጎማ የገባ ሽማግሌ አሳደረች ትባያለሽ።"

"ለሰው እንዳይነግሩብኝ።"

"ለሁሉም ነው የምነግር" አለ ገሠሠ።

ሳቀች፤ እያፈረች ሳቀች። ጎልማሶቹ ገሠሠን እንሸከም ብለው ተነሥተው አልጋ ተሸከሙ። መጋዘኑ ተጠረገ፣ ጆንያው ወደ አንድ ወገን ተገፋ፤ ዘይቱና ጆንያው እንዳይታይ ከላዩ ስጋጃ አለበሰችው። እራቱን ከክርስቲያን ጎረቤቷ አስመጣችለት፤ ይህን ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ሁሉም ከወጡ በኋላ ገሠሠ በሰፊው ወለል ላይ ወንበሩን አንድ ዙር አዞረ። ምንም አልነካም። እንደገና አዞረ። የራሱ ባልሆነ ቤት ውስጥ ሙሉ ዙር ከዞረ አራት ዓመት ሆኖታል። ገብስ ገብስ በሚሸት ክፍል ውስጥ ብቻውን እየተሽከረከረ ደስ አለው፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም ማለት ይቻላል።

ጎሕ ሲቀድ ቄስ ያርጋልና ሦስተኛው ሽማግሌ ከደጅ ሲደርሱ ገሠሠ ጋቢውን አጣፍቶ በመንገዱ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። የደባርቅ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ኮብልስቶኑ ላይ አቀበቱ ሲጠና ቄስ ያርጋል ከኋላ ገፋ አደረጉት።

"ቅር አይበልህ" አሉት።

"ኧረ አባ፣ መኪናም ይገፋል። የሚሸከሙት የሞተውን ነው።"

ሃብተ ጊዮርጊስ ረጅም፣ ቁጡ የሚመስሉ ገበሬ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ብቅ ብለው ሦስቱን አዩ። በወጉ መሠረት ሽማግሌ ቁርጡን ሳይሰማ አይቀመጥም። ሁለቱ ግቢው መሐል ቆሙ። ገሠሠ ከመሐላቸው ተቀምጧል፣ ምን ያድርግ።

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ" አሉ ሃብተ ጊዮርጊስ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ቄስ ያርጋል።

"እኔን ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ተቀምጨ ነው የመጣሁ" አለ ገሠሠ።

የሃብተ ጊዮርጊስ ጢም ነቅነቅ አለ፤ መሳቃቸው ይሁን መቆጣታቸው አልታወቀም። ቄስ ያርጋል ቃሉን በሥርዓቱ አወረዱት፦ የታደለ ልጅ ሙሌ፣ የእርስዎ ልጅ ስጦታ፣ ዘርና ምግባር፣ ሁሉም በየቦታው። ሃብተ ጊዮርጊስ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ገሠሠ ዞሩ።

"አንተ ነህ ታደለን ያሳደግኸው ሾፌር? ትናንት የት አደርህ? ማን ተሸክሞ አስገባህ?"

"ተሐጂ አሊ መጋዘን። ማንም አልነካኝም፣ በአህዮቹ በር ገባሁ።" ይህን ብሎ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሁለት ወር የለመደው ጥያቄ አመለጠው። "አያ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ይህ ደጃፍዎ ስንት ደረጃ አለው?"

ቄስ ያርጋል ሳል ያዛቸው። ሃብተ ጊዮርጊስ ግን ዞረው በረንዳቸውን አዩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ። "ሦስት። እኔ ሁለት ይመስለኝ ነበር" አሉ። በገዛ እጃቸው የሠሩት ቤት ነው። ለረጅም ጊዜ ደረጃውን ሲያዩ ቆዩ፣ ከዚያ ወንበሩን፣ እንደገና ደረጃውን።

"ከዘመድ ልማከር" አሉ በመጨረሻ። "በሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

ይህ ቃል ምንም ማለት አይደለም። ሊሰጥ ያሰበም፣ ሊከለክል ያሰበም አባት በመጀመሪያው ቀን የሚለው ይህንኑ ነው፤ ፊት ከሌላ ሰው ተልከው የመጡት ሽማግሌዎችም እንዲሁ ተብለው ነው ሲመለሱ የተከለከሉት። ሦስተኛው ሽማግሌ መንገዱን አስቦ ተነፈሰ። ገሠሠ ግን "እንመለሳለን፤ እኔ አልጋ አለኝ" አለ። ሲናገረው ራሱን ገረመው።

ሁለት ሳምንቱ ለታደለ ረዘመበት። ዘይቱና አንድ ቀን ደውላ፣ "ጋሼ፣ ሜትር ገዛሁ" አለችና የግቢዋን በር ሁሉ በሴንቲሜትር አነበበችለት። ሲሄዱም መጋዘኑ ግማሹ ኖራ ተቀብቶ አገኙት። ገሠሠ ግን ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሰውየው እንቢ ካሉ ለታደለ ምን እለዋለሁ እያለ ሲገላበጥ ነጋ።

ጎሕ ሲቀድ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ግቢ ገቡ። ቄስ ያርጋልና ሦስተኛው ሽማግሌ በወጉ ቦታቸውን ይዘው ቆሙ። ቄሱ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ጀመሩ። ገሠሠ አልሰማቸውም፤ በረንዳውን እያየ ነበር። ሦስቱ ደረጃዎች አልነበሩም። ድንጋይ ተሞልቶ፣ አፈር ተደልድሎ፣ ከግቢው እስከ በሩ ድረስ ለስለስ ያለ ዳገት ሆኗል። አፈሩ ገና አልደረቀም፣ የአካፋው ጀርባ የመታበት ምልክት ይታያል። ሴት ልጁን የማይሰጥ አባት ለጠያቂው መንገድ አይደለድልም።

ገሠሠ እጁን ዘርግቶ የቄስ ያርጋልን ጋቢ ጫፍ ጎተት አደረገ። "አባ፣ ይበቃል" አላቸው በለሆሳስ። ከዚያ ጎማዎቹን ጨብጦ ወደ ዳገቱ ነዳ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ገፋ፤ ማንም አልነካውም፤ በረንዳው ላይ ወጣ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ከበሩ ቆመው ይጠብቁት ነበር፤ ጫማቸው ላይ ያው አፈር አለ።

"አሁንስ ስንት ደረጃ አለው?" አሉት።

"አንድም የለው" አለ ገሠሠ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ አልደበቀውም።

"እንግዲያ ግባ።"